ለቀብሩ እድር አለን፤ ለወረቀቱስ?

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሰፈሩ መመሪያ አይፈልግም። ወሬው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጎረቤት ጓዳ ገብቶ ቡና ይጥዳል። የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ገልጦ የሚገባውን ብር ለቤተሰቡ ያስረክባል። ሀዘንተኛ ይቀመጣል እንጂ አይላላክም። «እናንተ ተቀመጡ፣ እኛ አለን» ይባላል። ደግሞም አሉ።

ሰልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ግን ሌላ ሥራ ይጀምራል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የባንክ ሂሳብ፣ የጡረታ ጥያቄ፣ የቤት ካርታ ስም ዝውውር፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የስልክ ቁጥር። ለዚህኛው ድንኳን የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ «ተቀመጡ» የሚልም የለም። ያለው አንድ የተመረጠ ሰው ነው። የሚመረጠውም አብዛኛውን ጊዜ የተማረ የሚባለው፣ ስልክ የሚችለው፣ ያላገባው ልጅ ነው። ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ ከቤታችሁ የሚመረጠው ሰው እናንተ የመሆናችሁ ዕድል ሰፊ ነው።

በእኛ ቤት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሉትን ወራት ያሳለፍኩት ፌስታል ውስጥ ባለ ክላሰር እና በቢሮ ኮሪደሮች መካከል ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ የተረፈኝን ነው፤ ግማሹ መረጃ፣ ግማሹ ምክር።

ሦስት ዓይነት ዋጋ

ኢኮኖሚክስ ስንማር ዋጋ ማለት ከኪስ የሚወጣው ብር ብቻ እንዳልሆነ ተነግሮናል። ፓሜላ ኸርድ እና ዶናልድ ሞይኒሃን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዜጋ ከመንግሥት ቢሮ ጋር ሲገናኝ የሚከፍለውን ዋጋ በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው የማወቅ ዋጋ ነው፤ የት ልሂድ? ምን ይዤ? ሁለተኛው የማሟላት ዋጋ፤ ፎርሙ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ሰልፉ፣ ታክሲው። ሦስተኛው የሥነ ልቦና ዋጋ፤ ውርደቱ፣ ጭንቀቱ፣ ድካሙ።

እነሱ የጻፉት ስለ አሜሪካ ነው። እኔ ግን ሳነበው የእኛን ቢሮዎች መስኮት ነው ያየሁት። ለሀዘንተኛ ደግሞ ሦስቱም እጥፍ ይሆናሉ። ማወቅ አለበት፣ ጭንቅላቱ ግን አይሠራም። መሮጥ አለበት፣ ጉልበት የለውም። መታገሥ አለበት፣ ትዕግሥቱ አልቋል። ስለዚህ ከማወቁ እንጀምር፤ ሊቀንስ የሚችለው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ

ሁሉንም በር የሚከፍተው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሰው መሞት የሚታወቀው በእድር ደብተር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሰዎች፣ በጎረቤት ምስክርነት ነበር። አሁን ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። 30 ቀን ብዙ ይመስላል። ሰልስት፣ ሰባት፣ የሩቅ ዘመድ መምጣት፣ የእናትን ደም ግፊት መከታተል ሲጨመርበት ግን ከአርባው በፊት ማለቁን እንኳ አታስተውሉም።

ሞቱ በጤና ተቋም ከሆነ ተቋሙ የሚሰጠውን የሞት ማስረጃ ሳትቀበሉ አትውጡ። በዚያች ሰዓት ወረቀት የሚያስብ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ ልቡ የረጋ ጓደኛ ወይም የሰፈር ሰው መላክ የሚሻለው። ሞቱ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ሂዱና የሚጠይቁትን አጻፉ። የሟችን መታወቂያ፣ የቀብር ደረሰኝ፣ ምንም ትሁን ምን የተሰጠቻችሁን ብጣሽ ወረቀት አትጣሉ።

ምስክር ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ሁለት ነገር። በስልካችሁ ጥርት አድርጋችሁ ስካን አድርጉት፤ ኮፒውንም ብዙ አድርጉት። ከዚያ ኦሪጅናሉን አሳዩ እንጂ አታስረክቡ። «እዚህ ተዉትና ነገ ኑ» ሲባል በትሕትና «ኮፒውን ላስቀምጥ፣ ኦሪጅናሉን አመሳክሩልኝ» ማለት ይቻላል።

ሀሌታው «ሀ» ወይስ ሐመሩ «ሐ»?

አሁን ወደ እውነተኛው ፈተና። አማርኛ አንድ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ፊደላት አሉት። «ፀሐይ»ን በጸሎቱ «ጸ» ጻፉት፣ በፀሐዩ «ፀ» ጻፉት፣ ስትጠሩት ያው ነው። ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው ነው። ለአንዳንድ ሠራተኛም ጭምር።

የአባቴ ስም በነዋሪነት መታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል፣ በካርታው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ፣ አያቱ ባልገመቱት አነባበብ ወጥቷል። በሥራ ቦታው ፋይል ላይ የአያት ስም የለም። አራት ወረቀት፣ አራት ሰው። አንድ ቢሮ ውስጥ «እነዚህ ሰዎች አንድ መሆናቸውን በምን እናውቃለን?» ስባል መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ይሄ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ ሚስት በራሷ አባት ስም ትቀጥላለች። ስለዚህ ባልና ሚስት መሆናቸው፣ እናትና ልጅ መሆናቸው ከስም አይነበብም። በሌላ ወረቀት መረጋገጥ አለበት። ላይ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት፣ ያሳደገ ሰው ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም ሲጨመርበት አስቡት።

መፍትሔው አለ፣ ግን ጊዜ ይበላል። ልዩነቶቹን ሁሉ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉ፤ ወረቀቱ፣ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ፣ ቀኑ። ከዚያ ፍርድ ቤት ስትሄዱ በአቤቱታው ላይ «በዚህም በዚያም የሚጠሩት አንድ ሰው ናቸው» ተብሎ አብሮ እንዲጠየቅ ንገሩ። ካለቀ በኋላ ለስም ብቻ ተመልሶ መምጣት ሌላ የቀጠሮ ዙር ነው።

እናቴ ወራሽ አይደለችም?

ልጅ መሆናችሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባንኩ ግን አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 996 ወራሽ ፍርድ ቤት ጠይቆ ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት እንደሚችል ይደነግጋል። ባንክ፣ መሬት ቢሮ፣ ሁሉም የሚጠይቃችሁ «የወራሽነት ማስረጃ» ይሄ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ጉዳይ የሚያዩት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ወይም የዝምድና ማስረጃ፣ ምስክሮች ይቀርባሉ። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ ሊያዝ ይችላል። ጋዜጣ ላይ የምታዩዋቸው «የሟች ወራሽ ነን ብለው ስላመለከቱ…» የሚሉ ማስታወቂያዎች እነዚህ ናቸው።

አቤቱታ የሚያዘጋጅልን ራፖር ጸሐፊ ፊት ተቀምጠን ሳለ ሰውዬው ቀና ብሎ «እማማ ወራሽ አይደሉም፣ አመልካቾቹ ልጆቹ ናችሁ» አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ?» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ።

ብዙ ቤት ውስጥ ጠብ የሚጀምረው እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ። ባል ወይም ሚስት በሕግ ወራሾች ዝርዝር ውስጥ የሉም። ነገር ግን ውርስ ከመታሰቡ በፊት የትዳሩ የጋራ ሀብት ለሁለት ይከፈላል፤ በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይሄን ነው የሚለው። የእናትየው ግማሽ መጀመሪያውኑም የራሷ ነው፤ ከማንም አልወረሰችውም።

በቁጥር ላስቀምጠው። ዕዳ የሌለበት 800,000 ብር የጋራ ሀብት ቢኖርና አራት ልጆች ቢኖሩ፣ 400,000 ብሩ የእናት ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው 400,000 ብቻ ነው፤ ለአንድ ልጅ 100,000 ይደርሰዋል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያት እናቴ «ታዲያ ለምን ‹ወራሽ አይደለሽም› ይላል? ‹ባለቤት ነሽ› አይልም?» አለች። እውነቷን ነው። ሕጉ ያላስቀየማትን ቋንቋው አስቀየማት።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ሁለት ቦታ አለ። አንደኛ፣ ሀብቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም ሟች በውርስ ያገኘው የግል ንብረት ከሆነ ያ ግማሽ የለም። ለትዳር ጓደኛ የሚተርፈው በኑዛዜ ከተተወላት ነው። ሁለተኛ፣ የጋብቻ ማስረጃ የሌላቸው ብዙ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካ ወይም በሽማግሌ የተጋቡ ወላጆች ትዳራቸው በሕግ የታወቀ ነው። ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ግን ሠርጉን ያዩ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ነው የሚቀለው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ሁሉም ወገን ከተስማማ ጉዳዩን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወደተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መውሰድ ይችላሉ። እዚያ የድርሻ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ልጆች ባሉበት ሚስት ራሷ ወራሽ ሆና አንድ ስምንተኛ ታገኛለች።

ሌላ ብዙዎች የማያውቁት፤ ከውርሱ ላይ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፣ ከዚያ የውርስ ማጣራት ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ። ሕጉ ግን ተዝካርን ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። ስለዚህ ለአርባ ሰንጋ የጣለ ወንድም «ከውርሱ ይታሰብልኝ» ቢል ሕጉ ከጎኑ አይደለም። ይሄን ከድግሱ በፊት መነጋገር ነው።

ወንድም እህት ውጭ አገር ካለ ደግሞ ውክልናው ቶሎ ይጀመር። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋገጠው ውክልና እዚህ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት አኳኋን ይሁን። አለበለዚያ የፊደሉ ጣጣ ከውቅያኖስ ማዶ ይጀምራል።

ፒኑን አውቀዋለሁ

ብዙዎቻችን የወላጆቻችን የሞባይል ባንኪንግ አስተማሪዎች ነን። የአባታችንን ፒን እናውቃለን፤ ቴሌብሩን የከፈትንለት እኛ ነን። ስለዚህ ሞት ሲመጣ ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ብሩን ወደ ራስ ማስተላለፍ። «ለቀብር ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?»

ወንድሞቻችሁ ይጠይቋችኋል። ሰውየው ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ ያ ብር የእሱ አይደለም፤ የወራሾቹ ሁሉና የትዳር ጓደኛው ነው። አንድ ሰው በፒን ያወጣው ብር፣ ለበጎም ቢሆን፣ በኋላ ሂሳብ ያስጠይቃል። ውክልናም እንደዚያው ነው። አባታችሁ በሕይወት እያለ የሰጣችሁ ውክልና እሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። «ውክልና አለኝ» ብሎ ከሞት በኋላ መፈረም ራስን ክስ ውስጥ መክተት ነው።

ታዲያ በጥሬ ገንዘብ ችግር የተያዘ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ባንኩ ሞቱ ሲነገረው ሂሳቡን ያግዳል፤ የሚከፍተውም የፍርድ ቤት ማስረጃ ሲያይ ነው። በመካከል ያሉትን ወራት የሚሸፍነው የእድሩ ብር፣ የዘመድ እርዳታና ደሞዝተኛ ልጅ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ባለቤትነቱ በወረቀት ስላልተረጋገጠ መንቀሳቀስ ያልቻለን ሀብት «ሙት ካፒታል» ይለዋል። እሱ ያሰበው ካርታ የሌላቸውን ቤቶች ነው። እኔ ግን ባለቤቱ የሞተበት ሂሳብም ያው ይመስለኛል፤ ብሩ አለ፣ ቤተሰቡ ግን ለዘይት ይበደራል።

ሲም ካርዱን በተመለከተ፤ አውጥታችሁ አትጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት። የባንኩ መልእክት፣ የእቁቡ ሰብሳቢ፣ ዕዳ ያለበት ሰው፣ ሁሉም የሚደውለው በዚያ ቁጥር ነው። ጥቂት ብር እየሞላችሁ ጉዳዩ እስኪያልቅ አቆዩት። ቴሌግራምም ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ አካውንቱን ራሱ ያጠፋል። ስለዚህ ፎቶዎቹንና የድምፅ መልእክቶቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ካርታ ቢጠፋ ምትክ ይወጣለታል። «እራት ቀርቧል፣ የት ደረስሽ?» የሚለው የአባት ድምፅ ግን ምትክ የለውም።

ጡረታው ውርስ አይደለም

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጡረታው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ለእናት የወር ገቢ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መሠረት በሰውዬው መሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛውና ለዘመዶቹ የሚከፈል ጡረታ የውርስ አካል አይደለም። ወንድማማች በቤቱ ላይ ቢጨቃጨቅ እንኳ የእናት ጡረታ እሱን መጠበቅ የለበትም።

ሟች የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበረ 1268/2014 ነው የሚመለከተው። የሚኬድባቸው መሥሪያ ቤቶችም የተለያዩ ናቸው። ለዘላቂ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «ሟች ስንት ዓመት ሠሩ፣ መዋጮውስ በየወሩ ገብቷል ወይ?» ላይ የሚቆመው። በግል ድርጅት 7 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ይዋጣል። የአባቴ የሥራ ታሪክ በሁለት ድርጅት የተከፈለ ስለነበር አንደኛው የአገልግሎት ደብዳቤ እስኪጽፍልን ብዙ ተመላልሰናል። አንድ ቀን ጸሐፊዋ የለችም፣ አንድ ቀን ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን መብራት የለም። ደብዳቤው ሲመጣ አምስት መስመር ነበር።

ከሥራ ቦታው ሌላም አለ፤ ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ድርጅቱ ያስገባው የሕይወት መድን ካለ እሱም። ማንም ደውሎ አይነግራችሁም፤ ጠይቁ።

«ሟች» የምትለዋ ቃል

ወደ ሦስተኛው ዋጋ እንምጣ። ፎርም ላይ ከአባቴ ስም በፊት «ሟች» ብዬ የጻፍኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባ እዚያ መጣ፤ ከኋላዬ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ። በየመስኮቱ ያው ጥያቄ ነው። ከሟች ጋር ያለሽ ግንኙነት? የሞቱበት ቀን? የሞቱበት ምክንያት? በሳምንት አምስት ጊዜ አባትሽን እንደገና ትቀብሪያለሽ።

ሕጉ ለሀዘን የሰጠን ጊዜ ትንሽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ቤተሰብ ሲሞት ከደሞዝ ጋር የሚሰጠው ፈቃድ 3 የሥራ ቀን ነው። ለቀብርና ለሰልስት ይበቃል። የወረቀቱ ቀናት የሚመጡት ከዓመት ፈቃድ ወይም ከአለቃ መልካም ፈቃድ ነው። እንደኔ በየሥራው ለሚከፈለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሰልፍ ማለት አንድ ቀን ያልተሠራ ሥራ ነው። ይሄ ዋጋ በየትኛውም የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ግን ከሁሉም ይከብዳል።

ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። ከዞርኩባቸው መስኮቶች በአንዱ ያገኘኋት ሴት ወረቀቱን ተቀብላ ገና ሳታነብ «ነፍስ ይማር፣ አባትሽ ናቸው?» አለችኝ። የጎደለውን በእርሳስ ጻፈችልኝ። በማግስቱ ስመጣ «ነይ፣ አልቋል» አለች። ሲስተሙ ያው ሲስተም ነው፣ ኔትወርኩም ያው። እሷ የጨመረችው ነገር በጀት አያስፈልገውም። የመንግሥት ሠራተኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሰው ቀናችሁን በሙሉ ይረሳና ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ይሄዳል።

የወረቀት እድር

እንግዲህ ልል የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱም የለቅሶው አካል ነው። ቀብርን ለአንድ ሰው ብቻ የማንተወውን ያህል ይህንንም ለአንድ ልጅ መተው የለብንም። እድር ምን ዘዴ እንዳለው እናውቃለን፤ ሥራ ይከፋፈላል፣ ሁሉም ይጻፋል፣ ገንዘብ በአደባባይ ይቆጠራል። ያንኑ ወደ ቤት ማምጣት ነው።

ከአርባው በፊት ቤተሰቡ አንድ ቀን ይቀመጥና ሥራ ይከፋፈል። አንዱ የሚዞር፣ አንዱ ፋይል የሚይዝ፣ አንዱ ወጪ የሚመዘግብ፣ አንዱ ደግሞ እናትን የሚሸኝ። ውጭ ያለው ወይ የጠበቃውን ይክፈል፣ ወይ የሚዞረውን ልጅ ትራንስፖርትና የባከነ ቀን ይቻል። ለዚህ ብቻ የሚሆን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። የተቀበላችሁትን ወረቀት፣ የከፈላችሁትን ደረሰኝ፣ የተሰጣችሁን ቀጠሮ ያኔውኑ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። የሚዞር ልጅ ሁልጊዜ ይጠረጠራል። «ብሩን እሷ ናት የምታውቀው» የሚለው ወሬ ሳይፈጠር የሚሞተው በደረሰኝ ነው። እኛ ቤት የረዳን አጎቴ የያዘው ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበር፤ የታክሲ ሃያ ብር እንኳ ተጽፋለች።

ለሚዞረው ደግሞ፤ በአንድ ቀን አንድ ቢሮ ብቻ። በጠዋት ሂዱ፣ በልታችሁ ሂዱ። የተሰጣችሁን መልስ ከነቀኑ ጻፉ። የሚቀጥለውን መስፈርት ሳትጠይቁ ከመስኮቱ አትነሱ፤ «ይሄ ከሆነ በኋላ ምን ይቀረኛል?» በሉ። ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ሲናደድ ሌላው ይናገራል። ያለቀሳችሁ ቀን ሥራው ይቁም፤ ሰኞም ቢሮ ይከፈታል።

ሳይሞቱ ማውራት

ይህ ሁሉ ሩጫ ግማሹ ሊቀር የሚችለው ሰው በሕይወት እያለ ነው። ችግሩ ወላጆቻችን ጋ ይህን ስናነሳ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ «አታሟርቱ!»

እኔ ያየሁት ዘዴ ስለ ሞት ሳያወሩ ስለ ወረቀት ማውራት ነው። ወላጆቻችሁ ፋይዳ ለመመዝገብ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱና ስማቸው ከካርታውና ከባንክ ደብተሩ ጋር እንዲመሳሰል አድርጉ። ያልተመዘገበ ጋብቻ ካላቸው አሁን ያስመዝግቡ። የእናንተም የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ አውጡ። የሂሳብ ቁጥር፣ ካርታ፣ እቁብ፣ አክሲዮን፣ የተበደረና ያበደረ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ፒን ሳይሆን ዝርዝር። የሕይወት መድን ካለ ተጠቃሚው ማን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ።

ኑዛዜ የሀብታም ነገር አይደለም። በሕጋችን በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተጠቅሶ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። በ7 ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይወድቃል። በግልጽ የሚደረገው ደግሞ በአራት ምስክር ፊት፣ ወይም ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ በሁለት ምስክር ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው። የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ሞት በተቃረበ ጊዜ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ በጣም ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ ነው። በዚያ የሚሰጠው ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። በቴሌግራም የተላከ ድምፅ ቤት አያወርስም።

ትልቅ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ በቂ ነው፤ «አባዬ፣ በካርታው ላይ ስምህ እንዴት ነው የተጻፈው?» ካርታው ከቁም ሳጥኑ ይወጣል፣ መነጽሩ ይፈለጋል፣ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።